በባሮ ዳር የሚበሩ ወፎችን ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

ወፍ ስትበር ፎቶግራፍ ማንሣት የሚወድ ሰው ሐሳቡ ቶሎ የሚሄደው ሃሚንግበርድ ወደምትባለው ትንሽ ወፍ ነው። ይህች ወፍ ከአሜሪካ ምድር በቀር በሌላው ዓለም አትገኝም። ትናንሾቹ ዓይነቶች ክንፋቸውን በሰከንድ 50 ጊዜና ከዚያም በላይ ያርገበግባሉ። ስለ እነርሱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 መጽሐፍ ያሳተመው የዱፖንት ኩባንያ ሹም ክራውፎርድ ግሪንዋልት፥ ክንፋቸውን አጥርቶ ለማንሣት እጅግ ፈጣን ብልጭታ የሚሰጥ ልዩ መሣሪያ አስፈልጎት ነበር።

በጋምቤላ ለሥራ የተመደበ ወይም በዚያ የሚማር ወጣት ግን ያን ሁሉ ጓዝ ሳይሸከም፥ በእጁ በያዘው ቴሌፎቶ ሌንስ ብቻ ከዚህ የማያንስ ውበት ሊያነሣ ይችላል እንላለን።

በእኛ አገር የሃሚንግበርድን ግብር የያዘችው በቀጭን ምንቃሯ የአበባ ማር የምትመጠው ሰንበርድ ናት። እርስዋም በጋምቤላ አለች፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ቅርንጫፍ ላይ ቆማ ስለምትመገብ ለበረራ ሥዕል እምብዛም አትመችም። የሚመቸውስ ንብ በል የተባለው ወፍ ነው።

የባሮ ውሃ በበጋ ሲጎድል ገደል የመሰለው የአፈር ዳርቻ ይገለጣል። ጉሮሮው ቀይ የሆነው ንብ በል በዚያ ገደል ላይ አግድም ጉድጓድ ሰርስሮ በማኅበር ይራባል። ከቆመበት ቅርንጫፍ ተወርውሮ ንቢቱን ባየር ላይ ይቀልብና አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያው ቅርንጫፍ ይመለሳል፤ ከዚያም መርዟ እስኪወጣ ድረስ በእንጨቱ ላይ ያሻታል። እንግዲህ የፎቶግራፍ አንሺው ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ወፉን በሰማይ ላይ ማሳደድ ከንቱ ድካም ነው፤ የሚመለስበትን ቅርንጫፍ ለይቶ፥ ሌንሱን ከቅርንጫፉ ጥቂት ፈንጠር አድርጎ አነጣጥሮ መጠበቅ ይበልጣል።

400 ሚሊሜትር ሌንስ በእጁ የያዘ ሰው ሻተሩን ቢያንስ ወደ 1/400 ሰከንድ ማድረስ አለበት የሚል የቆየ ልማድ አለ። ይህ ግን ለእጅ መንቀጥቀጥ እንጂ ለክንፍ አይበቃም፤ ለንብ በል 1/2000 ወይም ከዚያ የፈጠነ ይሻላል። ክርንን ከጎድን አጣብቆ፥ ግራ እጅን ከሌንሱ ሥር አድርጎ፥ ከወገብ መዞር ነው። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ቆላ ስለሆነች፥ ረፈድ ሲል ከመሬት የሚነሣው የሙቀት ሞገድ ሥዕሉን ያደበዝዘዋል፤ ሌንሱ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ከዚህ አያድንም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል። እንቅልፍ ለሚወድ ሰው ይህ ሥራ አይሆነውም።

ሌንሱ ረጅም መሆኑ ደግሞ ለሥዕሉ ብቻ አይደለም። ከጉድጓዶቹ አፍ ሥር ሄዶ የሚቆመውን ሰው እኛ ፎቶግራፍ አንሺ አንለውም። ወላጆቹ እርሱን ፈርተው ምግብ በአፋቸው እንደ ያዙ ሲዞሩ፥ ጫጩቶቹ በጨለማው ውስጥ ይራባሉ፤ የገደሉን ጫፍ ከላይ የረገጠውም አፈሩን ይንድባቸዋል። ወፉ ምግብ ይዞ ሳይገባ ከዘገየ፥ ሰውዬው በጣም ቀርቧልና ወደ ኋላ ይመለስ።

በዳር መቆም የሰለቸው ወደ ሜዳው ይውጣ። ሌላው ንብ በል፥ መላ አካሉ ደማቅ ቀይ፥ ራሱ አረንጓዴ ሰማያዊ የሆነው፥ ሣር ሲቃጠልና ከብት ሲሰማራ የሚበረግጉትን አንበጣዎች ለመልቀም ይመጣል። እረኛውን ሰላም ብሎ ፈቃድ ከጠየቁ በኋላ፥ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ ከመንጋው ጎን ጎን መሄድ ነው፤ ወፎቹ ራሳቸው ይመጣሉ።