ቤት ሲታደስ ምጣዱ የት ይጣድ?

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ቤቱን እያሳደሰ ለሁለት ወር በሸራ ሥር ያበሰለ ቤተሰብ ግን የጉልቻ መለዋወጥ ወጥ እንደሚያበላሽ ያውቃል። ንፋሱ ከሰሉን ቶሎ ይጨርሰዋል፤ አቧራው ሽሮው ውስጥ ይገባል፤ ሊጡ በብርድ አልቦካ ይላል። ልጆቹ ለሦስተኛ ቀን ደረቅ ዳቦ በምሳ ዕቃ ይዘው ይሄዳሉ። አያትየው ደግሞ ምንም ሳይሉ የቀረበላቸውን ግማሹን ትተው ይነሳሉ።

ክረምት የቤት ገበና ያወጣል። ቆርቆሮው የት እንደተበሳ፣ የትኛው ግድግዳ ከሥሩ እርጥበት እንደሳበ፣ የትኛው ቋሚ እንደበሰበሰ ሐምሌና ነሐሴ ይነግሩናል። መስቀል አልፎ ፀሐይ ሲወጣ በሽሮ ሜዳ፣ በአዲሱ ገበያና በእንጦጦ ግርጌ ባሉት የጉለሌ መንደሮች በየደጁ የጭቃ ክምር የሚታየው ለዚህ ነው። የጭቃ ግድግዳ ከመጀመሪያው ምርጊት እስከ መጨረሻው ልስን ድረስ ደረጃ በደረጃ መድረቅ አለበት። ሳይደርቅ በላዩ የተለሰነ ይሰነጠቃል፣ ውሎ አድሮም ይፈረፈራል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ፀሐያማ ጊዜ ለዚህ የተመቸ ነው። ችግሩ እነዚህ ሦስት ወራት ለማድ ቤትም ሥራ የሚበዛባቸው መሆናቸው ነው፤ እሸቱ፣ ብርዱ፣ የነቢያት ጾምና ገና ሁሉም እዚያው ውስጥ ናቸው።

አብዛኛው ሰው እድሳቱን ከሳሎን ይጀምራል። እንግዳ የሚያየው እሱን ነዋ! ማድ ቤቱ «እሱ በኋላ ይደርሳል» ይባልና ገንዘቡም ጉልበቱም ሳሎን ላይ ያልቃል። በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ሰው ለጥቂት ሳምንታት አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ መተኛት ይችላል፤ በቀን ሦስት ጊዜ መብላት ግን ለሌላ ጊዜ አይተላለፍም። ማድ ቤት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዋናው ቤት ተለይቶ ጓሮ ያለ ትንሽ ክፍል ነው። ቶሎ ይመረጋል፣ ቶሎ ይደርቃል። እሱ አንዴ ካለቀ እሳቱም፣ ውሃውም፣ እህሉም ንጹሕ ቦታ ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ ዋናው ቤት ቢፈርስም ምሳ አይቀርም።

ማድ ቤቱ እስኪያልቅ ድረስ ግን ምን ይበላል? መልሱ ያለው ወቅቱ ላይ ነው።

ጥቅምት ለጋስ ወር ነው። ከክረምቱ የተረፈው የበቆሎ እሸት፣ ድንቹ፣ የአበሻ ጎመኑ ገና ገበያ ላይ ናቸው፤ የባቄላና የአተር እሸትም ይከተላል። እነዚህ ሁሉ አንድ ድስትና አንድ ምድጃ ይበቃቸዋል። እሸቱ ከነልጣጩ ይቀቀላል፣ ወይም ፍሙ ላይ ይጠበሳል፤ ልጆች ሲፈለፍሉ ይውላሉ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው የቆየ አባባልም ለእድሳት ቤት የተነገረ ይመስላል። ቅቅል ቁሌት አይፈልግም፤ ሽንኩርት ሲያቁላሉ ከጭድና ከአቧራ ጋር መታገልም የለም። አጥንቱን፣ ድንቹንና ካሮቱን ጨምሮ፣ ክዳኑን ገጥሞ መተው ነው። ብርዱን ለሚፈሩት አያቶች መረቁ ብቻውን እራት ይሆናል።

እዚህ ላይ የአካባቢያችንን ጠባይ ማስታወስ ይገባል። ጉለሌ ከፍታ ላይ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር በሚደርስ ቦታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በቆላ አገር የሚፈላው ወደ 100 ተጠግቶ ነው። ባቄላና ሽምብራ እዚህ ለመብሰል ብዙ የሚቆዩት ለዚህ ነው። ማታ የተዘፈዘፈ ጥራጥሬ ጠዋት ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው፤ ከሰሉም ይተርፋል። ብረት ድስት ክዳኑን አጥብቆ የሚገጥም ከሆነም ልዩነቱ ይታያል። ከሰል ለሚጠቀም ሰው በ1980ዎቹ የወጣችው «ላቀች» ምድጃ ከድሮው የቆርቆሮ ምድጃ ያነሰ ከሰል ትበላለች። በሸራ ሥር ላለ ጊዜያዊ ማድ ቤት ደግሞ ንፋስ የማያገኛት ጥግ ይፈለግላት።

ከባዱ ነገር እንጀራው ነው። አማርኛችን ስለ ጭቃም ስለ ሊጥም «ቦካ» ይላል፤ ነገሩም ተመሳሳይ ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተለውሶ፣ ተረግጦ፣ ለቀናት እየቆየ ካልበሰለ ግድግዳ ላይ አይዝም። ሊጡም ከእርሾው ጋር ጊዜውን ካልጠበቀ ዓይን አያወጣም። ፍሬው ለእንጀራ፣ ጭዱ ለግድግዳ፤ ሁለቱም ከአንድ ጤፍ ናቸው። ባሕር ዛፉም እንደዚያው ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ እንጦጦን ያለበሰው ይህ ዛፍ ግንዱ ቋሚና ማገር ሆኗል፤ ቅጠሉ ደግሞ በሴቶች ጀርባ ወርዶ የስንቱን ቤት ምጣድ አግሏል። ልዩነቱ ጭቃ ብርድ ግድ የማይሰጠው መሆኑ ነው። ሊጥ ግን ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል። ግድግዳው በተከፈተ ቤት ውስጥ በሁለት ቀን የሚደርሰው ቡሆ ሦስትና አራት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ቡሃቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሰው የሚተኛበት ክፍል ማሳደር የድሮ ዘዴ ነው፤ ይሠራልም።

ምርጊቱ በሚካሄድባቸው ሳምንታት ግን እንጀራ እቤት ለመጋገር መድከም አያስፈልግም ባይ ነኝ። ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ የራስን ሊጥ ይዞ በሳምንት ሁለት ቀን በእነሱ ምጣድ መጋገር ይቻላል። ማገዶውን ወይም የመብራቱን መካፈል ነው። ካልሆነም ከታወቀች እንጀራ ሻጭ መግዛት ነው። ገንዘቡ ይጎዳል፣ እውነት ነው፤ ግን በሸራ ሥር ተጋግሮ ግማሹ የሚጣል እንጀራም ርካሽ አይደለም። እርሾው ብቻ እንዳይጠፋ! አንድ ብርጭቆ እርሾ ለጎረቤት አደራ መስጠት፣ ወይም በየጥቂት ቀኑ ዱቄትና ውሃ እየጨመሩ ማቆየት ይበቃል። የተረፈውን እንጀራ ደግሞ ፀሐዩ ሳይጠልቅ ማድረቅ ነው፤ ድርቆሽ ካለ ሥራ በበዛበት ቀን ቁርሱ ፍርፍር ሆነ ማለት ነው።

ኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። አንዱ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። በእድሳት ጊዜ መስመሩ ተፈትቶ፣ ገመዱ መሬት ላይ ተጋድሞ፣ ዙሪያው እርጥብ ጭቃ ነው። ለሞባይልና ለአምፑል የተሠራ ማራዘሚያ ላይ ምጣድ መሰካት ገመዱን ያቀልጠዋል። ኤሌክትሪሺያኑ ሥራውን ከማድ ቤቱ እንዲጀምርና ለምጣዱ የራሱ ወፍራም መስመር እንዲዘረጋ መጠየቅ ይሻላል። በማገዶ ለሚጋግር ደግሞ አዲሱ ማድ ቤት «ምርጥ» የሚባለውን ዝግ የእንጀራ ምድጃ ለመግጠም ጥሩ አጋጣሚ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ያተርፋል፤ ጭሱም ያንሳል።

ስለ ውሃም እናንሳ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጭቃና ድስት ለአንድ በርሜል ይሻማሉ። አንድ ቀን የሚቦካ ጭቃ የቤተሰቡን የሳምንት ውሃ ሊጠጣ ይችላል። ስለዚህ የጭቃው በርሜል ለብቻ፣ የማድ ቤቱ ጀሪካን ክዳኑ ተከድኖ ለብቻ ይሁን። ሠራተኞቹም የትኛው የትኛው እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ይወቁ።

ኅዳር 12 በአዲስ አበባ ሰማዩ በጭስ ይሸፈናል። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከተማዋን የፈጀው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ሆኖ የቆየው «ኅዳር ሲታጠን» በየሰፈሩ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቀን ነው። በእድሳት ላይ ያለ ቤት የሚያቃጥለው አያጣም። ነገር ግን የድሮ የዘይት ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ፕላስቲክና የኤሌክትሪክ ገመድ እሳት ውስጥ አይግቡ፤ ጭሳቸው መርዝ ነው። የተቀባውን እንጨት ለማገዶ ማዋልም አይገባም። የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ በተለይ የትንንሽ ልጆችን አእምሮ ይጎዳል። አሮጌው ግድግዳ ሲፋቅና የአቡጀዲው ኮርኒስ ሲወርድ የሚነሳው አቧራም ቀላል አይደለም። አስም ያለባቸው አያትና ሕፃናት እነዚያን ሁለት ሦስት ቀናት ዘመድ ወይም ጎረቤት ቤት ውለው ለእራት ቢመለሱ ይሻላል። ጨርሶ መላክ ግን አልወድም። ምርጊቱ ከነጭዱ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት፣ ሊጡ መቼ አብሲት እንደሚጠይቅ የሚያውቁት እሳቸው ናቸውና።

ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ የነቢያት ጾም ነው። ለሚጾም ቤተሰብ ይህ ለእድሳቱ እረፍት ነው ማለት ይቻላል፤ የማይጾመውም ቢሆን ምግቡን ቢዋስ አይጎዳም። በሶ እሳት አይፈልግም፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና ትንሽ በርበሬ ነው። ተልባም ተቆልቶ አንዴ ከተፈጨ በውሃ ተበጥብጦ እንጀራ ይፈተፈትበታል። ሱፍ እሳት የሚፈልገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ተወቅጦ፣ ተጠልሎ ለሁለት ቀን ፍትፍት ይሆናል። አዚፋ ጠዋት የተቀቀለ ድፍን ምስር ነው፤ በስናፍጭ፣ በሎሚና በቃሪያ ተለውሶ ቀዝቅዞ ይበላል። ጭቃ የሚረግጡት ሠራተኞችም የሚጠብቁት ትልቅ ድግስ አይደለም። ቀድሞ በገጠር ደቦ የጠራ ሰው ጠላውንና እንጀራውን ያቀርብ እንደነበረው፣ ንፍሮና ቡና በሰዓቱ ከደረሰ ሥራው ይቀላጠፋል።

የበርበሬና የሽሮ ዕቃ በዚህ ጊዜ ክዳኑ የሚገጥም ይሁን፤ ከእርጥብ ግድግዳ ራቅ ብሎ ከመሬት ከፍ ይበል። ኖራና ዱቄት ደግሞ ጎን ለጎን አይቀመጡ! ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም በጆንያ ይመጣሉ። ኖራ እርጥብ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል። ቀለም ማቅጠኛና ነጭ ጋዝ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥም ውሃ ጠምቶት ለሚሮጥ ልጅ ወጥመድ ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ግን የኅዳር ሌሊት ነው። ግድግዳው እንዲደርቅ ወይም ክፍሉ እንዲሞቅ ተብሎ ከሰል የተያያዘበት ምድጃ ይገባና በሩ ይዘጋል። ከሰል ጭሱ ስለጠፋ አደጋው የጠፋ ይመስላል። አልጠፋም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ሰው በሚተኛበት ክፍል የከሰል ምድጃ አይደር፤ ግድግዳውም በችኮላ ሲሞቅ መሰንጠቁ አይቀርም። የቤት ውስጥ ጭስ ጉዳት በአንድ ሌሊት ብቻ የሚመጣም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2020 በምግብ ማብሰያ ጭስ ምክንያት በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ማድ ቤቱን ወደ ዋናው ቤት ለማስገባት ያሰበ ሰው ይህንን ያስብበት። በማገዶና በከሰል የሚያበስል ቤተሰብ ማድ ቤቱ ጓሮ ቢቀር ይሻለዋል። እዚያም ቢሆን አንድ መስኮት ከንፋሱ አቅጣጫ፣ አንድ የጭስ መውጫ ደግሞ ከምድጃው በላይ ጣሪያው ሥር መተው አለበት። ይህ የሚታሰበው ግድግዳው ሳይመረግ ነው፤ ከልስን በኋላ መብሳት ሥራውን ማፍረስ ነው።

በጥቅምት የተጀመረ ማድ ቤት ለገና ይደርሳል። የመጀመሪያው እሳት ትንሽ ይሁን፤ ቡና ማፍላት ይበቃል፤ ግድግዳው ውስጡ እርጥበት ይዞ ሊሆን ይችላልና። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከፍ እያደረጉ ከሄዱ ለበዓሉ ዋዜማ ሰዓታት ሙሉ የሚቁላላውን የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ይችላል። ሽንኩርቱ ዘይት ሳይነካው ቀስ ብሎ እስኪጠወልግ ድረስ ከምድጃው የማይርቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ሸራ ሥር ሆኖ በንፋስ ውስጥ ይህንን መጠበቅ አይቻልም። እንጀራውም ያኔ በራስ ምጣድ ይጋገራል፤ አደራ የተሰጠችው እርሾም ከጎረቤት ትመለሳለች። የሳሎኑ ቀለም ለጥምቀት ይደርሳል።