ስልካችን የሚነጋገረው ከማን ጋር ነው?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሞባይል ስልክ ነው። ጽሑፉ በእጃችሁ ካለ በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ያ ስልክ ያለ ሽቦ አይሠራም ነበር። ሞባይል ግን በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ስለ አሠራሩ የተጻፉ የቴክኒክ መጻሕፍት አሉ። ከባድ ቃል አይጠፋቸውም። ቢሆንም ፊደል የቆጠረ ሰው ሊፈራቸው አይገባም። ሦስት ቃላት እንያዝ፤ አንቴና፣ ሴል፣ ሲም።

አንደኛ፣ አንቴና። ከሽሮ ሜዳ ሆነን መርካቶ ላለ ወንድማችን ስንደውል ድምፃችን በቀጥታ ወደ እርሱ የሚሄድ ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሞባይል ትንሽ ሬዲዮ ነው። ይልካል፤ ይቀበላል። ጉልበቱ ግን አነስተኛ ነው። ስለዚህ የሚነጋገረው በአቅራቢያው ካለ አንቴና ጋር ነው። አንቴናውን በረጅም የብረት ምሰሶ ወይም በፎቅ ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ እናየዋለን። እርሱ ድምፃችንን ተቀብሎ ወደ ማዕከል ይልካል። ማዕከሉ ወንድማችን የት አካባቢ እንዳለ ያውቃል። ድምፃችንንም በዚያ አካባቢ ባለው አንቴና በኩል ያደርስልናል።

ሁለተኛ፣ ሴል። የማር እንጀራ አይታችኋል? በትናንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። መሐንዲሶችም አገሩን እንዲሁ ይከፋፍሉታል። አንዱ ክፍል ሴል ይባላል። በታክሲ ወደ አራት ኪሎ እየወረድን ስናወራ ከአንዱ ሴል ወደ ሌላው እናልፋለን። አንቴናዎቹም እንደ ዱላ ቅብብል ሯጮች ይቀባበሉናል። ወሬያችን አይቋረጥም።

ሦስተኛ፣ ሲም። ትንሿ ካርድ ማለት ናት። ለኔትወርኩ ማንነታችንን የምትነግረው እርሷ ናት፤ እንደ መታወቂያ ቁጠሯት። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ የብዙ ሰው ገንዘብም ከስልክ ቁጥሩ ጋር ተያይዟል። ስለዚህ ሲም የጠፋበት ሰው ቶሎ ለስልክ ድርጅቱ ያስታውቅ። የምሥጢር ቁጥሩንም ለማንም አይንገር።

እንግዲህ ይህን ማወቅ ምን ይጠቅመናል? ጉለሌ ዳገትና ሸለቆ ይበዛበታል። ከእንጦጦ ሥር ባለ ጎድጓዳ ቦታ ኮረብታው ሞገዱን ይጋርደዋል። ስልኩም ሩቅ ላለው አንቴና ለመሰማት ጉልበቱን ይጨምራል፤ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «ስልኬ ተበላሸ» ብሎ ለጠጋኝ ገንዘብ ይከፍላል። ከዚያ በፊት ወደ ገላጣ ቦታ ወጣ እንበል። መስመሩ ከመጣ ስልኩ ደኅና ነው። ጎረቤታችን በሌሊት ምጥ ቢይዛት፣ ለአምቡላንስ ለመደወል የት መቆም እንዳለብን አስቀድመን ማወቅ ነፍስ ያድናል።

የቴክኒክ መጽሐፍ ስታገኙ መጀመሪያ ሥዕሉን እዩ። ከዚያ ከሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ያልገባችሁን ቃል በደብተራችሁ ጻፉና መምህራችሁን ጠይቁ። በቀን አንድ ቃል ቢሆን በዓመት ስንት እንደሚሆን አስሉት።

ጥያቄዎች፦
1. ስልካችን በመጀመሪያ የሚነጋገረው ከምን ጋር ነው?
2. ሴል በምን ይመሰላል?
3. በሸለቆ ውስጥ ባትሪ ቶሎ የሚያልቀው ለምንድን ነው?

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።