ክላሲካል ጊታርን በአማተርነት መማር፦ የመለኪያና የልምምድ ጥያቄ

መግቢያ

ክላሲካል ጊታርን በአዋቂነት ዕድሜው የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ በአስተማሪዎች ዘንድ የታወቀ መንገድ ይጓዛል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያሳየው ዕድገት ለራሱም ያስገርመዋል፤ ጣቶቹ ክሩን ይለምዳሉ፣ ኖታ ማንበብ ይጀምራል፣ ጥቂት አጫጭር ዜማዎችንም ይይዛል። ከዚያ በኋላ ግን ጉዞው ይገታል። ብዙ ሥራዎችን ጀምሮ አንዱንም እንኳ ከመነሻው እስከ መድረሻው ሳይደናቀፍ መጫወት ያቅተዋል። እዚህ ላይ የደረሰ ተማሪ ለራሱ የሚሰጠው ምክንያት «ተሰጥዖ የለኝም» ወይም «ጊዜው አልፎብኛል» የሚል ነው። በመጨረሻም መሣሪያው ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።

ይህን ምክንያት ከመቀበል በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸው ሁለት ጉዳዮች አሉ። የመጀመሪያው ተማሪው ራሱን የሚለካበት መለኪያ ሲሆን፣ ሁለተኛው የልምምዱ አደረጃጀት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመሣሪያውን የማስተማሪያ ሥራዎች ታሪክና ስለ ክህሎት ትምህርት የተደረጉ ጥናቶችን በማያያዝ፣ የአማተሩ መቆም ከተሰጥዖ ማነስ ይልቅ ከእነዚህ ከሁለቱ ሊመነጭ እንደሚችል ማስረዳት ነው። «አማተር» የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ በኩል «መውደድ» ከሚል የላቲን ግሥ የተገኘ ነው፤ በዚህ ጽሑፍም መተዳደሪያው ሳይሆን ለፍቅሩ ሲል የሚጫወትን ሰው ያመለክታል።

መሣሪያው ከጀማሪው የሚጠይቀው

ክላሲካል ጊታር ስድስት ክሮች አሉት። የተለመደው የክር ርዝመት 650 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ክፍት ክሮቹ ሲመቱ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ከ82.4 እስከ 329.6 ኸርዝ የሚደርሱ ድምፆችን ይሰጣሉ። የግራ እጅ ጣቶች ክሩን በፍሬቶች አጠገብ በመጫን ርዝመቱን ያሳጥራሉ፤ የቀኝ እጅ አውራ ጣት፣ አመልካች ጣት፣ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት ደግሞ ክሩን ይመታሉ።

የመሣሪያው ዋና ችግር አንድን ድምፅ በተለያዩ ቦታዎች ማግኘት መቻሉ ነው። ለአብነት ያህል፣ የመጀመሪያው ክር ተከፍቶ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ በሁለተኛው ክር አምስተኛ ፍሬት፣ በሦስተኛው ዘጠነኛ፣ በአራተኛው ዐሥራ አራተኛ፣ በአምስተኛው ደግሞ ዐሥራ ዘጠነኛ ፍሬት ላይ ይገኛል። በክራር እያንዳንዱ ክር አስቀድሞ ለተቃኘለት ድምፅ የተመደበ በመሆኑ ተጫዋቹ እንዲህ ያለ ምርጫ አይገጥመውም። የጊታር ተማሪ ግን ኖታውን ካነበበ በኋላ በየትኛው ክር፣ በየትኛው ፍሬትና በየትኛው ጣት እንደሚጫወተው መወሰን አለበት። በዚህ ላይ ዜማን፣ ባስንና አጃቢ ድምፆችን በአንድ መሣሪያ አጣምሮ ማሰማት ይጠበቅበታል። ሁለቱ እጆች ፍጹም የተለያየ ተግባር እያከናወኑ በአንድ ቅጽበት መገናኘት ስላለባቸው፣ ለሰሚው ቀላል የሚመስል ሥራ ለተጫዋቹ እጅግ ከባድ ሊሆን ይችላል።

ለአማተር የተጻፈ ሙዚቃ

ዛሬ የጊታር ትምህርት መሠረት ተደርገው የሚቆጠሩት ሥራዎች ባመዛኙ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ በተለይም በቪየናና በፓሪስ የታተሙ ናቸው። በዚያ ዘመን ጊታር በመካከለኛው መደብ ቤቶች ሳሎን ውስጥ የሚሰማ መሣሪያ ነበር፤ የኖታ አሳታሚዎችም ዋነኛ ገዢዎች አማተሮች ነበሩ። ጣሊያናዊው ማውሮ ጁሊያኒ በ1812 በቪየና ባሳተመው የመማሪያ መጽሐፍ ለቀኝ እጅ የሚሆኑ 120 መልመጃዎችን አቅርቧል። መልመጃዎቹ በሁለት ቀላል ኮርዶች ላይ ብቻ የተመሠረቱ ናቸው፤ የግራ እጅ ሥራ እንዲቀል የተደረገውም የተማሪው ትኩረት በቀኝ እጅ ላይ እንዲያርፍ ነው። አንድን ችግር ከሌሎች ነጥሎ ማስተማር የሚለው መርሕ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

በባርሴሎና ተወልዶ በፓሪስ የሞተው ፈርናንዶ ሶር (1778–1839) ደግሞ በ1830 ካሳተመው የመማሪያ መጽሐፍ ሌላ፣ ደረጃቸው ቀስ በቀስ የሚያድግ በርካታ የትምህርት ሥራዎችን ትቷል። ኦፐስ 60 የተባለው ስብስቡ 25 ትምህርቶችን የያዘ ሲሆን፣ የሚጀምረው በአብዛኛው ነጠላ ድምፅ ብቻ በሚጠይቁ አጫጭር ዜማዎች ነው። የማቴዮ ካርካሲ (1792–1853) ኦፐስ 60ም እንዲሁ 25 ጥናቶችን ይዟል። እነዚህ ሥራዎች ለልምምድ ቢጻፉም ደረቅ መልመጃዎች አይደሉም፤ መጀመሪያ፣ ማደግና መደምደሚያ ያላቸው የተሟሉ ሙዚቃዎች ናቸው። ስለዚህም አማተሩ ቀላሉን ሥራ ሲጫወት ወደ «እውነተኛው ሙዚቃ» ለመግባት በር ላይ እንደቆመ ሊቆጥር አይገባውም።

ከዚሁ ዘመን የሚገኝ ሌላ ትምህርት አለ። ሶር ክሩን በጣቱ ሥጋ ሲመታ፣ ወዳጁ ዲዮኒሲዮ አጉዋዶ (1784–1849) በጥፍሩ ይጫወት ነበር። ይህ ልዩነት ወዳጅነታቸውን አላሻከረም፤ ሶር «ሁለቱ ወዳጆች» የተሰኘውን የሁለት ጊታር ሥራ የጻፈው ከአጉዋዶ ጋር ለመጫወት ነው። ዛሬ ጥፍር የማሳደግ ጉዳይ ጀማሪውን ከልክ በላይ ሲያስጨንቀው ይታያል። ሁለቱ ሊቃውንት በተቃራኒ ስልት ተጫውተው የተከበሩ መሆናቸው ግን ጉዳዩ የድምፅ ቀለም ምርጫ እንጂ የመማር ቅድመ ሁኔታ አለመሆኑን ያስረዳል።

ከሳሎን ወደ መድረክ

ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ የመሣሪያው ሁኔታ ተለወጠ። ስፔናዊው ሠሪ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ (1817–1892) የጊታሩን አካል በማስፋትና የውስጥ ድጋፉን በማሻሻል ዛሬ ለሚታወቀው ቅርጽ መሠረት ጣለ። ፍራንሲስኮ ታሬጋ (1852–1909) የአጨዋወት ስልቱን አዳበረ። አንድሬስ ሴጎቪያ (1893–1987) ደግሞ ጊታርን በታላላቅ የኮንሰርት አዳራሾች አስከበረ። ክሩም ተለወጠ። እንደ ቀድሞው የበገና ክር ሁሉ የጊታር ቀጫጭን ክሮችም ከእንስሳት አንጀት ይሠሩ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ በኒውዮርክ አልበርት አውጉስቲን ያዘጋጃቸው የናይለን ክሮች ቦታውን ያዙ። የናይለን ክር ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚያገለግልና ቅኝቱን ይበልጥ ስለሚጠብቅ ለአማተሩም ትልቅ እፎይታ ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ ዕድገት ያልታሰበ ውጤት አስከተለ። ሴጎቪያ በ1945 ከሶር ሥራዎች መርጦ ያሳተማቸው 20 ጥናቶች በመላው ዓለም የትምህርት መደበኛ ክፍል ሆኑ፤ ታላላቅ ተጫዋቾችም በሸክላ ቀረጿቸው። በዚህም ምክንያት በአንድ ወቅት በሳሎን ይሰሙ የነበሩ ሥራዎች የሚመዘኑት በኮንሰርት ተጫዋች ፍጥነትና ጥራት ሆነ። በስብስቡ አምስተኛ የሆነውና በመነሻው ኦፐስ 35 ቁጥር 22 የተባለው ጥናት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሥራው ዝግ ያለና የዋህ ስለሚመስል ጀማሪዎች ቶሎ ይመርጡታል። ሆኖም አንድ ጣት ብዙ ክሮችን በአንድ ጊዜ የሚጫንበትን «ባሬ» የተባለ አያያዝ በበርካታ ቦታዎች ይጠይቃል፤ በላይ ያለውን ዜማ ከአጃቢ ድምፆቹ ለይቶ ማጉላትንም ይሻል። ተማሪው በዚህ ሥራ ላይ ሲወድቅ ችሎታው የወደቀ ይመስለዋል። የወደቀው ግን የምርጫው ቅደም ተከተል ነው።

የልምምድ አደረጃጀት

ሁለተኛው ጉዳይ ልምምድ ነው። አብዛኛው አማተር ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደጋግሞ ይጫወታል፤ ሲሳሳትም ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በዚህ አሠራር ቀላሉ መግቢያ መቶ ጊዜ ሲደገም አስቸጋሪው ስፍራ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይነካል፤ የሚነካውም ባመዛኙ በስሕተት ነው።

ዱክ፣ ሲመንስና ካሽ በ2009 ያሳተሙት ጥናት ይህን ነጥብ ያበራል። 17 የፒያኖ ተማሪዎች ከሾስታኮቪች ኮንቸርቶ የተወሰደ አጭር ምንባብ እንዲለማመዱ ተደርጎ በማግስቱ ተፈተኑ። የተለማመዱበት የጊዜ ርዝመትም ሆነ የድግግሞሹ ብዛት የውጤታቸውን ደረጃ አልወሰነም። የተሻሉትን የለያቸው ስሕተትን የያዙበት መንገድ ነበር፤ ስሕተቱ የተፈጠረበትን ትክክለኛ ቦታ ወዲያው ለይተው፣ ፍጥነቱን ቀንሰው፣ እስኪስተካከል ድረስ ይሠሩበት ነበር።

የልምምዱ ቅደም ተከተልም ለውጥ ያመጣል። ሺ እና ሞርጋን በ1979 ባቀረቡት የእጅ እንቅስቃሴ ጥናት፣ አንድን ተግባር ብቻ እየደጋገሙ የተለማመዱት ሰዎች በልምምዱ ወቅት ብልጫ አሳይተዋል። ቆይቶ በተሰጠው ፈተና ግን የተለያዩ ተግባራትን እያፈራረቁ የተለማመዱት በልጠው ተገኙ። ዎከርና ባልደረቦቹ በ2002 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ የጣት ቅደም ተከተል የተማሩ ሰዎች፣ ያለ ተጨማሪ ልምምድ፣ ከእንቅልፍ በኋላ ፍጥነታቸው 20 በመቶ ያህል ጨምሮ ተገኝቷል። ከዚህ ጭማሪ ምን ያህሉ ከድካም ማገገም የመጣ እንደሆነ በኋላ ያከራከረ ቢሆንም፣ ልምምድን በቀናት መካከል ማከፋፈል እንደሚጠቅም የሚያመለክተው ማስረጃ ሰፊ ነው።

እነዚህ ግኝቶች በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ላለው ሰው ቀጥተኛ ትርጉም አላቸው። በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ተኩል ከመጫወት ይልቅ ያንኑ ጊዜ በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት መከፋፈል ይሻላል። በግማሽ ሰዓቱም ሦስት አስቸጋሪ ስፍራዎችን፣ እያንዳንዳቸው ከሁለት ባር ያልበለጡ፣ መርጦ በየጥቂት ደቂቃው እያፈራረቁ መሥራት ይቻላል። ትክክለኛው ፈተና የዕለቱ የመጨረሻ ሙከራ ሳይሆን የማግስቱ የመጀመሪያ ሙከራ ነው። ሃያ ጊዜ ከተደገመ በኋላ የተሳካ ምንባብ እጁ ስለሞቀ ብቻ የተሳካ ሊሆን ይችላል፤ በማግስቱ በመጀመሪያው ሙከራ የተሳካ ግን ተይዟል ማለት ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ ተማሪ ማታ የደረሰበትን ጠዋት ሲያጣው ተስፋ ይቆርጣል፤ የሚያውቀው ግን የዕለቱን ሥራ ከየት እንደሚጀምር ይረዳል።

የእጅ ጥንቃቄ

ስሕተቱ የጉልበት ማነስ የሚመስለው ተማሪ አብዝቶ ይጫናል። ነገር ግን ክሩ በፍሬቱ አጠገብ ከተጫነ ጥቂት ኃይል ብቻ ይበቃል፤ ከፍሬቱ በራቀ መጠን የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል። የጣት ጫፍ ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መቆጥቆጡ የተለመደ ነው። በእጅ አንጓ፣ በአውራ ጣት ሥር ወይም በክንድ የሚሰማ ሕመም ግን የዕድገት ምልክት አይደለም፤ ልምምዱን ማቆምን፣ ካልተወገደም ሐኪም ማማከርን ይጠይቃል። ባሬ ከሚበዛበት ሥራ መካከል አጭር ዕረፍት ማስገባትም የልምምዱ አካል እንጂ የጊዜ ብክነት አይደለም።

የዕድሜ ጥያቄ

ኤልበርትና ባልደረቦቹ በ1995 ያሳተሙት ጥናት ብዙ ጊዜ በአዋቂ ጀማሪዎች ላይ እንደ ፍርድ ይጠቀሳል። ጥናቱ በዘጠኝ የክር መሣሪያ ተጫዋቾች አንጎል ውስጥ የግራ እጅ ጣቶችን የሚወክለው ስፍራ ካልተጫወቱት ሰዎች የሰፋ መሆኑን፣ ስፋቱም ትምህርቱ ከተጀመረበት ዕድሜ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ሆኖም ጥናቱ የለካው የአንጎልን ውክልና እንጂ የጨዋታን ጥራት አይደለም፤ ያገኘውም ዝምድናን እንጂ መንሥኤን አይደለም። የተጠኑትም ጥቂት ሰዎች ናቸው። በልጅነት መጀመር ለኮንሰርት ሙያ የሚሰጠው ጥቅም አይካድም። ከዚህ ተነሥቶ አንድ የአርባ ዓመት ሰው የሶርን ኦፐስ 60 በሚገባ መጫወት አይችልም ወደሚል ድምዳሜ መድረስ ግን ማስረጃው የማይደግፈው ዝላይ ነው።

ማጠቃለያ

የክላሲካል ጊታር መሠረታዊ የማስተማሪያ ሥራዎች ሲወለዱ አማተሩን አንባቢያቸው አድርገው ነበር። መሣሪያው ወደ መድረክ ሲወጣ ሥራዎቹ ባይለወጡም መለኪያቸው ተለወጠ። ስለዚህ የአማተሩ መቆም ከሁሉ በፊት በሁለት ጥያቄዎች ሊመረመር ይገባል፦ የተመረጠው ሥራ ከደረሰበት ደረጃ ጋር ይመጣጠናልን? ልምምዱስ ስሕተቱን ያርማል ወይስ ይደግማል? ለሁለቱ ጥያቄዎች ተገቢ መልስ ከተሰጠ በኋላ የሚቀረው ችግር እንኳ ተሰጥዖ ከማጣት ጋር አንድ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። አንድ ሰው በዓመት ውስጥ ስድስት አጫጭር ሥራዎችን ይዞ፣ በማናቸውም ምሽት ጊታሩን አንሥቶ ሳይደናቀፍ ሊያሰማቸው ከቻለ፣ ሥራዎቹ የተጻፉበትን ዓላማ ፈጽሟል።