ደመና አሳዳጆቹና የስንዴው ሜዳ

ወቅቱ ግንቦት ነው። በአሜሪካ ኦክላሆማና ካንሳስ ግዛቶች በመስከረም ተዘርቶ የብርዱን ወራት ተቋቁሞ ያለፈው ስንዴ ፍሬ ቋጥሮ ወደ ቢጫነት መቀየር ጀምሯል። ኮምባይነሮች ለሰኔው አጨዳ ይሰናዳሉ። ዓይን እስኪደክም በተዘረጋው ሜዳ ላይ ይህ ነው የሚባል ኮረብታ የለም፤ ዛፍም የሚታየው ከስንት አንዴ በእርሻ ቤቶች ዙሪያና በወንዝ ዳር ነው። የዚህ ሜዳ አርሶ አደር ሰማዩን ቀና ብሎ ሲያይ የሚያስጨንቀው የዝናብ መጥፋት ብቻ አይደለም። በዚህ ወር የሚመጣ ዝናብ በረዶ፣ መብረቅና አውሎ ነፋስ አስከትሎ የዓመት ልፋቱን በአንድ ምሽት ሊወስድበት ይችላል።

በዚያው ሜዳ ላይ ያንኑ ደመና ፍለጋ የሚወጡ ሰዎችም አሉ። ሌላው ከወጀቡ ሲሸሽ እነርሱ ወደ ወጀቡ ይነዳሉ፤ ወጀብ አሳዳጆች ይባላሉ። ገሚሶቹ ተመራማሪዎች፣ ገሚሶቹ ፎቶ አንሺዎች ናቸው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ገንዘብ ከፍለው ከሌላ አገር የሚመጡ ጎብኚዎችም ተጨምረዋል።

የአሳዳጆቹ ቀን የሚጀምረው ከካርታ ነው። በአካባቢው አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ግድም ከተለያዩ የሜትዮሮሎጂ ጣቢያዎች መሣሪያ የታሰረባቸው ፊኛዎች ይለቀቃሉ። ፊኛው ሽቅብ እየወጣ በየከፍታው ያለውን ሙቀት፣ እርጥበትና ነፋስ በሬዲዮ ወደ ምድር ይልካል። ኖርማን በተባለችው የኦክላሆማ ከተማ የሚገኘው የከባድ ወጀብ ትንበያ ማዕከል ይህንንና ሌላውን መረጃ ተንትኖ የዕለቱን የስጋት ካርታ ያወጣል። አሳዳጁ ቡናውን እየጠጣ ካርታው ላይ የሚፈልገው እርጥበትን፣ የሙቀቱን አደራደርና ነፋስን ነው።

እርጥበቱ የሚመጣው ከደቡብ፣ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ነው። ከምዕራብ በኩል ደግሞ ከበረሃማው ከፍተኛ ቦታ የተነሳ ደረቅና ሞቃት አየር ይገፋል። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ «ደረቅ መስመር» ይባላል፤ የከሰዓቱ ደመና ብዙ ጊዜ የሚበቅለው በዚሁ መስመር ላይ ነው። ከሁለቱም በላይ ቀዝቃዛ አየር ያልፋል። ታች ሙቅ፣ ላይ ብርድ ሲሆን አየሩ እንደሚፈላ ውሃ ለመገላበጥ ይዘጋጃል። ይሁን እንጂ በመካከላቸው ሞቅ ያለ ስስ የአየር ንጣፍ ገብቶ እንደ ድስት ክዳን ያፍነዋል። ክዳኑ ባይኖር ኃይሉ ከረፋዱ ጀምሮ በትናንሽ ደመናዎች ተበታትኖ ያልቅ ነበር። ከመጠን በላይ ከጠነከረም ቀኑ በጠራራ ፀሐይ ይመሻል። አደገኛው፣ ክዳኑ እስከ ከሰዓት ቆይቶ በድንገት የሚከፈትበት ቀን ነው።

ነፋሱ ከመሬት አጠገብ ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከላይ ደግሞ ከምዕራብ በርትቶ ሲነፍስ ሽቅብ የሚወጣው አየር እየተጠማዘዘ ይወጣል። እንዲህ እየተሽከረከረ የሚጓዘው ግዙፍ ደመና ሱፐርሴል የሚል ስም አለው። ተራው የነጎድጓድ ደመና አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲከስም ይህኛው ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ትልልቁ በረዶና ብርቱው ቶርኔዶ፣ ማለትም ከደመናው ግርጌ እስከ መሬት እየተሽከረከረ የሚወርደው አውሎ ነፋስ፣ በአመዛኙ የሚወለደው ከእርሱ ነው።

ስለ አሳዳጆች በተሠሩ ፊልሞች ላይ የሚታየው ሩጫና ጩኸት ነው። እውነተኛው ቀን ግን አብዛኛው ሰዓቱ በመጠበቅ ያልፋል። አሳዳጆቹ በአንዲት ትንሽ ከተማ ነዳጅ ማደያ ቆመው ወደ ምዕራብ ያያሉ፤ ካርታ ይከልሳሉ፤ መቆያ ቦታ ይቀይራሉ። ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ነድተው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱበት ቀን ካገኙበት ቀን ይበልጣል። የሚፈልጉት ጠርዙ የጠራ፣ እንደ አበባ ጎመን የተቆለለ ደመና ነው። ጠርዙ የጠራው ከውስጡ የሚወጣው አየር ብርቱ ስለሆነ ነው፤ የደበዘዘና የተበጣጠሰ ደመና ጉልበት የለውም።

ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ክዳኑ ሲከፈት ነገሩ ይፋጠናል። ለዓይን ትንሽ የነበረው ደመና ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ይደርሳል፤ አናቱም እንደ ጠፍጣፋ ጣሪያ ይዘረጋል። ወጀቡ በአብዛኛው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሚጓዝ ልምድ ያለው አሳዳጅ ከደመናው በስተደቡብ ምሥራቅ ይቆማል፤ ከዚያ ሆኖ ዝናቡ ሳይጋርደው የደመናውን ግርጌ ያያል። ከሰሜን በኩል የገባ ግን በዶፉና በበረዶው ተከልሎ የሚመጣበትን አያውቅም።

መንገዶቹ የእርሻ መንገዶች ናቸው። በሜዳው ላይ በየ1 ነጥብ 6 ኪሎ ሜትሩ ቀጥ ብለው ይቋረጣሉ። ጠጠር ያልፈሰሰባቸው ዝናብ ሲነካቸው ቀይ ጭቃ ይሆናሉ፤ በክረምት በሞተር ሳይክል ቀበሌ የወረደ የወረዳ ባለሙያ ይህን ጭቃ ያውቀዋል። ልዩነቱ እዚያ ከጭቃው ለመውጣት ያለው ጊዜ ደመናው የሚሰጠው ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው።

በረዶው የሚሠራው በደመናው ሆድ ውስጥ ነው። የውሃ ጠብታ ከዜሮ ዲግሪ በታች በቀዘቀዘ ደመና ውስጥም ሳይረጋ ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ያለ ጠብታ ከበረዶ ቅንጣት ጋር ሲጋጭ ወዲያው ይረጋበታል፤ ቅንጣቷም እየወፈረች ትሄዳለች። ከታች የሚገፋት አየር ሊሸከማት እስከቻለ ድረስ አትወርድም። ስለዚህ የበረዶው መጠን የነፋሱን ጉልበት ይናገራል። በሐምሌ 16 ቀን 2002 ዓ.ም በደቡብ ዳኮታ ግዛት ቪቪያን በተባለች ስፍራ የወረደው በረዶ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 880 ግራም ገደማ ክብደት ነበረው፤ በአሜሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ ከባዱ ነው።

ለደረሰ ስንዴ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ሽምብራ የምታክል በረዶ በብርቱ ነፋስ ታጅባ ለ10 ደቂቃ ከወረደች ዛላውን ሰብራ ፍሬውን ታረግፋለች። ጎብኚው ለፎቶ የሚመኘው ደመና ከሥሩ ላለው አርሶ አደር ትርዒት አይደለም። በእርሻ መንገዱ ላይ ተደርድረው የሚቆሙት መኪኖች የሚያስከትሉት መጨናነቅም በአካባቢው ነዋሪ ዘንድ የተለመደ ቅሬታ ነው፤ ቅሬታው ተገቢ ነው።

ይሁንና ማሳደዱ ለአርሶ አደሩም የተረፈ ነገር አለው። በግንቦት 16 ቀን 1965 ዓ.ም ዩኒየን ሲቲ በተባለች አነስተኛ የኦክላሆማ ከተማ ላይ ቶርኔዶ ወረደ። የብሔራዊ ከባድ ወጀብ ላቦራቶሪና የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ቡድኖች በሜዳው ላይ ሆነው ሂደቱን በካሜራ ቀረጹ። በዚያው ሰዓት ኖርማን የሚገኘው የሙከራ ዶፕለር ራዳር ያንኑ ደመና ይመዘግብ ነበር። የካሜራውና የራዳሩ መረጃ ሲነጻጸር አውሎ ነፋሱ መሬት ከመንካቱ ከ20 ደቂቃ በላይ አስቀድሞ በደመናው መካከል የሽክርክሪት ምልክት መታየቱ ተረጋገጠ። ይህ ግኝት እ.አ.አ በ1990ዎቹ በመላ አገሪቱ ለተተከሉት የዶፕለር ራዳሮች መሠረት ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ነው። ራዳሩ ብቻውን ምልክቱን ያሳይ ነበር፤ ምልክቱ ምን ማለት እንደሆነ የታወቀው ግን ሜዳ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ስለነበረ ነው።

ዋጋም ተከፍሎበታል። ቲም ሳማራስ በቶርኔዶ መንገድ ላይ መለኪያ መሣሪያ አስቀምጦ በመሸሽ የታወቀ ተመራማሪ ነበር። በሰኔ 17 ቀን 1995 ዓ.ም በደቡብ ዳኮታ ያስቀመጠው መሣሪያ የአየር ግፊቱ በ100 ሚሊባር መውረዱን መዝግቧል። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 23 ቀን 2005 ዓ.ም፣ ኤል ሪኖ በተባለችው የኦክላሆማ ከተማ አቅራቢያ የተነሳው ቶርኔዶ 4 ነጥብ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ነበረው። ድንገት አቅጣጫና ፍጥነት ቀይሮ ሳማራስን ከልጁ ከፖልና ከባልደረባው ከካርል ያንግ ጋር ገደላቸው። በጥንቃቄያቸው የሚታወቁ ሰዎች ነበሩ፤ አደጋው አሳዳጆቹን እስከ ዛሬ የሚያነጋግራቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከአሳዳጆቹ ይልቅ ለወረዳ ኃላፊዎችና ለአርሶ አደሮች የሚቀርበው ግን የበጎ ፈቃድ ታዛቢዎቹ ሥራ ነው። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ስካይዋርን በተባለ ፕሮግራም ከ350 ሺህ በላይ ሰዎችን አሠልጥኗል። ፖሊሶች፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ አርሶ አደሮች ይገኙባቸዋል። ሥልጠናው የሁለት ሰዓት ያህል ነው። ታዛቢው ደመና አያሳድድም፤ ካለበት ቦታ ሆኖ ያየውን፣ ለምሳሌ የበረዶውን መጠን ወይም የደመናውን መሽከርከር፣ በስልክ ያሳውቃል።

የእኛ ደጋ ከዚያ ሜዳ ይለያል። በኢትዮጵያ ክረምት በየከፍታው ያለው የነፋስ ልዩነት ብዙውን ጊዜ ሱፐርሴል ለመፍጠር አይበቃም፤ ቶርኔዶም ብርቅ ነው። በረዶና መብረቅ ግን ብርቅ አይደሉም። በሐሩር ክልል ውሃ የሚረጋበት የአየር ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 5 ሺህ ሜትር ገደማ ነው። በ3 ሺህ ሜትር ላይ ገብስ የሚያርስ ገበሬ ማሳ ዘንድ ለመድረስ በረዶው በሞቃት አየር ውስጥ የሚወርደው 2 ሺህ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ለመቅለጥ ጊዜ አያገኝም። ቆላ ላይ ዝናብ ሆኖ የሚደርሰው ደጋ ላይ ጠጠር ሆኖ የሚደርሰው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። የአየር ትንበያ ስጋት ያለበትን ቀንና ሰፊውን አካባቢ ሊጠቁም ይችላል፤ የትኛው ቀበሌ እንደሚመታ ግን ከቀናት በፊት ሊናገር አይችልም። በረዶ በቀጭን መስመር ስለሚወርድ ከጎረቤታሞች የአንዱን ማሳ አውድሞ የሌላውን ሊተወው ይችላል።

በመብረቅ በኩል የአሳዳጆቹ ደንብ እዚህም ይሠራል። ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ያለው ጊዜ ይቆጠራል፤ 3 ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ መብረቁ ሊደርስ በሚችልበት ርቀት ላይ ነው፤ ሞፈሩን ጥሎ መጠለል ይገባል። ወደ ሥራ የሚመለሱትም የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ከ30 ደቂቃ በኋላ ነው። በሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ዛፍ መጠለያ አይደለም። እረኞች ዝናብ ሲመጣ የሚሮጡት ግን ወደዚያው ዛፍ ነው።

ሌላው ከሜዳው የሚወሰድ ትምህርት የጉዳት ግምገማ ጊዜ ነው። በአሜሪካ የበረዶ ኢንሹራንስ ገማቾች የሰብሉን ጉዳት በማግስቱ አይወስኑም፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ይጠብቃሉ። ቅጠሉ ተበጣጥሶ በማግስቱ የሞተ የሚመስል ስንዴ አንጓ መሳብ ካልጀመረ የማደጊያው ጫፍ ገና ከአፈር በታች ስለሆነ ሊያገግም ይችላል። ዛላ ካወጣ በኋላ የተሰበረው ግን አይመለስም። በእኛ ወረዳዎች በረዶ በጣለ በማግስቱ ኮሚቴ ወጥቶ በዓይን ግምት ሄክታር መዝግቦ መመለስ የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ጉብኝት አስፈላጊ ነው፤ አርሶ አደሩም ብቻውን እንዳልሆነ ያያል። ማሳውን ገልብጦ ሌላ ለመዝራት የሚወሰነው ግን ከሁለተኛው ጉብኝት በኋላ ቢሆን ሊያገግም የሚችል ሰብል አብሮ አይታረስም። በነሐሴ መጨረሻ የተመታ የመረሬ መሬት በቀሪው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ሊዘራበት ስለሚችል ቀናቱን መቁጠር ያስፈልጋል።

ለግምገማው ማስረጃ የሚሆን ነገር መሥራት ደግሞ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በኮሎራዶ ግዛት እ.አ.አ በ1998 የተጀመረ የበጎ ፈቃደኞች የዝናብ መለኪያ መረብ አባላቱ በረዶን የሚለኩት በቀላል ሰሌዳ ነው። በቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ እንደሚታሸገው ያለ ነጭ ፎም በካሬ ተቆርጦ በአልሙኒየም ፎይል ይሸፈንና ሜዳ ላይ ይቀመጣል። በረዶው ሲመታው ፎይሉ ይጎደጉዳል። የጉድጓዶቹ ስፋት የበረዶውን መጠን፣ ቁጥራቸው ብዛቱን፣ ያዘነበሉበት ጎን ደግሞ የመጣበትን አቅጣጫ ያሳያል። በረዶው ቀልጦ ካለቀ በኋላም ምልክቱ ይቆያል። ከጀርባው ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው ተጽፎበት ይላካል፤ በምትኩ አዲስ ሰሌዳ ይተከላል።