መተማ፦ የቆላው በር ታሪክና መልክዐ ምድር

መተማ ከጎንደር በስተ ምዕራብ፣ ደጋው ወደ ሱዳን ሜዳ በሚወርድበት ቆላ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከሱዳኗ ገላባት የሚለያት በበጋ የሚደርቅ ጠባብ ወንዝ ነው።

ከተማዋን ያስገኘው ይኸው አቀማመጧ ነው። በጎንደርና በሰናር መካከል የሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴ የደጋውን ቡናና ሰም ከሱዳን ሸቀጥ ጋር ይለዋወጥባት ነበር። ተክሩሪ የሚባሉት የምዕራብ አፍሪካ ተወላጆችም በአካባቢዋ ሰፍረዋል።

ይሁን እንጂ ለንግድ የተከፈተ በር ለጦርም ይከፈታል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር የተዋጉትና ለሞት ያበቃቸው ቁስል የደረሰባቸው በዚሁ ነው። የዛሬው ወሰን ግን ያን ጊዜ በውል አልተሰመረም ነበር፤ የተወሰነው ከ13 ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ስምምነት ነው። መምህራን ካርታውን ሲያስተምሩ ይህን የጊዜ ቅደም ተከተል ማመልከት ይኖርባቸዋል።

ዛሬ ጥቁሩ መሬት ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ያበቅላል። በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ የቆላውን በሽታ ስላልተላመደ ለወባና ለካላዛር ይበልጥ ይጋለጣል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣም ብዙ ስደተኛ የገባው በመተማ በኩል ነው።

እንግዲህ የመተማ ሕዝብ እንደየወቅቱ የሚጨምርና የሚቀንስ ነው። ነዋሪውን ብቻ ቆጥሮ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚመድብ ዕቅድ አላፊ አግዳሚውን ይዘነጋል፤ ከተማዋን የፈጠራት ግን እርሱ ነው።