ፊደሉ ነው ወይስ ዓይናችን?

ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህታችን ዕረፍት ባገኘች ቁጥር መካ ወደምትኖረው ዘመዷ ትሄዳለች። የምትሄደው ለናፍቆት ብቻ አይደለም፤ በሞባይሏ የመጣላትን ሁሉ ለማስነበብም ነው። ምክንያቱን ስንጠይቃት «ማንበብ እየረሳሁ ነው መሰለኝ» አለችን። እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረች ናት። አንድ ቀን ዘመዷ የስልኩን ፊደል ከፍ ብታደርግላት ሁሉንም ራሷ አነበበችው።

ውድ እህቶቻችን፣ ከመካከላችን ፊደሉን አሳድጋ የምታነብ ስንቷ ናት? አብዛኞቻችን ስልኩ ከሱቅ ሲወጣ በነበረበት መጠን እንጠቀማለን። ሲያስቸግረን ስልኩን ወደ ዓይናችን እናስጠጋለን እንጂ ፊደሉን አንነካውም።

ይህ ልማድ ምክንያት አለው። ቀደም ባሉት ዓመታት በኢንተርኔት ካፌ አማርኛ ስንከፍት ልዩ ፊደል ካልተጫነ የሚታየው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ወይም ባዶ ሳጥን ነበር። አንዳንዱም ጽሑፍ እንደ ፎቶ የተለጠፈ ስለነበር የፊደል መጠን ቢቀየርም አያድግም ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፊደል ይዞ የመጣው በ2007 ነው። ዛሬ ያ ችግር በአብዛኛው ቀርቷል፤ «የመጣውን መቀበል ነው» የሚለው ልማድ ግን አብሮን ቀርቷል።

ለእኛ ፊደል ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። «ትጠይቃለች» እና «ትጠየቃለች» የሚለዩት በ«ይ» እና በ«የ» ብቻ ነው። «ሠራተኛዋ ስለ ዕቃው ትጠይቃለች» ማለትና «ትጠየቃለች» ማለት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። በአንደኛው ጠያቂ ነሽ፣ በሌላው ተጠያቂ። ዕድሜ ወደ አርባ ሲጠጋ ደግሞ የቅርቡን ማየት ለማንም ሰው ይቸግራል፤ ይህ መሃይምነት አይደለም፣ የሚያሳፍርም አይደለም።

በሳዑዲ ዓረቢያ የቤት ሠራተኛ ኮንትራት የሚመዘገበው ሙሳነድ በተባለው የመንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት ነው። ደመወዝም ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ጀምሮ በእጅ መሰጠቱ ቀርቶ በባንክ ወይም በሞባይል ዋሌት እንዲከፈል ደረጃ በደረጃ ግዴታ ሆኗል። ስለዚህ ስንት ሪያል ገባልኝ፣ ኮንትራቴ መቼ ያበቃል የሚለው መልስ ያለው በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ዲስፕለይ»፣ ቀጥሎ «ፎንት ሳይዝ» የሚለውን ንኩና መስመሩን ወደ ቀኝ ሳቡ። በአይፎን «ዲስፕለይ ኤንድ ብራይትነስ» ውስጥ «ቴክስት ሳይዝ» ይላል። ይህ ግን ፎቶ ሆኖ የተላከን ወረቀት አያሳድግም፤ ፎቶውን በሁለት ጣት ከፈት አድርጋችሁ እያንሸራተቱ ማንበብ ነው። በኮምፒዩተር ደግሞ ኮንትሮልን ይዞ የመደመር ምልክቱን መጫን ይበቃል።

ታዲያ እህቴ፣ ማዳምም ሆነች ደላላ «እዚህ ጋ ንኪ» ሲሉሽ አትቸኩዪ። መጀመሪያ ፊደሉን አሳድጊ፣ ቀጥሎ አንብቢ፣ ከዚያ በኋላ ንኪ። በዚህ ሳምንት ደግሞ ለአንዲት ጓደኛሽ ስልኳን ተቀብለሽ አስተካክዪላት። «ማንበብ ረሳሁ» የምትል አንዲት እህት ከአጠገብሽ አትጠፋም።