ግድብ ስለሚሠራው ስለ ቢቨር

ቢቨር በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ወንዞች የሚኖር፥ ከአይጥና ከጃርት ወገን የሚቈጠር እንስሳ ነው፤ በአገራችን አይገኝም። ያደገው ብዙ ጊዜ ከ20 ኪሎ ይከብዳል። ጅራቱ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ ነው፤ የፊት ጥርሱም ብረት ስላለበት ብርቱካን የመሰለ ነው፤ በዚሁ ጥርስ ዛፍ ገዝግዞ ይጥላል። ዓሣ ይበላል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ምግቡ ሣር፥ ቅጠልና የዛፍ ልጥ ነው እንጂ ሥጋ አይቀምስም።

ግድብ መሥራቱም ያለ ምክንያት አይደለም። የቤቱ በር ከውሃ በታች ነውና ጅረቱ ጐድሎ በሩ ቢገለጥ ጠላት ይገባበታል፤ ስለዚህ በእንጨትና በጭቃ ውሃውን ያግዳል።

በቀድሞ ዘመን ጠጉሩ ለባርኔጣ መሥሪያ ይፈለግ ስለ ነበር፥ አዳኞች በ1900 ዓ.ም. ገደማ (በአውሮፓ አቈጣጠር) ሊያጠፉት ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ኋላ ሕግ ስለ ጠበቀው በዛ፤ ዛሬ ከተማ ውስጥ በሚያልፉ ጅረቶች እንኳ ይታያል። ጭንቁም ከዚህ ይጀምራል።

በካሊፎርኒያ ማርቲኔዝ በምትባለው ከተማ፥ በ2007 ዓ.ም. ቢቨሮች አልሃምብራ በተባለው ጅረት ላይ፥ በሱቆች መካከል ግድብ ሠሩ። ይህ ጅረት አስቀድሞም እየሞላ ከተማይቱን ያጥለቀልቅ ነበርና፥ ሹማምንቱ እንስሶቹን ለማስገደል አሰቡ። ፍርሃታቸው ከንቱ ነበር ማለት አይገባም። ሕዝቡ ግን ተሰብስቦ ስለ ተቃወመ አሳቡ ተለወጠ፤ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያም ስኪፕ ላይል የሚባል ባለሙያ በግድቡ ውስጥ ቧንቧ አሳለፈ።

የቧንቧው ጥበብ እንዲህ ነው። ቢቨር የፈሳሽ ውሃ ድምፅ በሰማበት ስፍራ ሁሉ ፈጥኖ ይደፍናል፤ ሰው ቀን ያፈረሰውን ግድብ እርሱ ሌሊቱን መልሶ ይሠራዋል። ስለዚህ የቧንቧው መግቢያ ከግድቡ ራቅ ተደርጎ፥ በውሃው ውስጥ ጠልቆ፥ በሽቦ ቀፎ ይከበባል። ውሃው ያለ ድምፅ ስለሚገባ እንስሳው የሚያፈስሰውን ስፍራ አያገኘውም። ኩሬውም ቧንቧው ከተተከለበት ልክ በላይ እንዳይሞላ ይረዳል፤ የቢቨሩም በር እንደ ተሸፈነ ይቀራል።

እንስሳውን መግደል ግን ብዙ አይጠቅምም፤ ባዶ በቀረው ስፍራ ሌላ ቢቨር ይመጣበታልና። ዛፎችንም ለመጠበቅ ግንዱን አንድ ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ወፍራም የሽቦ መረብ ማጠር ይበቃል፤ መረቡ ግን ከግንዱ ፈቀቅ ይበል፥ ተጣብቆ ከታሰረ ዛፉ ሲወፍር ያንቀዋል።

በማርቲኔዝ ቢቨሮቹ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ተቀመጡ፤ በኩሬውም ዓሣና ወፍ ታየ። ቧንቧው ቅጠልና ጭቃ ይይዛልና በየጊዜው የሚጠርገው ሰው ያስፈልገዋል።